ከማመንጫው በፊት መለኪያው

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከጭብጨባው መሐል አንድ አዲስ ቃል ተሰማ፦ ኒውክሌር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከግድቡ ቀጥለው ይጀመራሉ ካሏቸው ግዙፍ ፕሮጀክቶች አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት የሮስአቶም ኃላፊ ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረሙ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ከኃያላን ተርታ ልንሰለፍ ነው» ይላል። ሌላው «ቼርኖቤልን በገንዘባችን ልንገዛ ነው» ይላል። ሁለቱም ይጮኻሉ። ሁለቱም የማይጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ማን ይለካል? ከመቼ ጀምሮ ይለካል? ቁጥሩንስ ማን ያየዋል?

ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ማሽላውን ዘርቶ ደመና የሚጠብቀው የራያ ቆቦ ገበሬ ጥያቄ ነው። ሽንኩርቱን በአይሱዙ ጭኖ ወደ መሐል አገር የሚልክ የሮቢትና የጎብዬ አምራች ጥያቄ ነው። ማመንጫው ቆቦ ላይ ስለሚተከል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላለም። ጨረር የወረዳ ወሰን ስለማያውቅና ራያ ደግሞ ከላይ የወረደው ሁሉ የሚያርፍበት ሜዳ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አቋሙ አጭር ነው። ኢትዮጵያ የኒውክሌር ማመንጫ ልትተክል ከሆነ መለኪያው ከማመንጫው መቅደም አለበት። ከማመንጫው ባለቤት እጅም መውጣት አለበት። ይህ ካልሆነ መሠረቱ አይጣል።

*የሚለካው ምንድን ነው?*

ጨረር እንግዳ ነገር አይደለም። ከአፈር ይወጣል፣ ከድንጋይ ይወጣል፣ ከሰማይ ይወርዳል፣ ሰው ከሚበላው እህል ውስጥም አለ። በዓለም አማካይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ይቀበላል። ግማሽ ያህሉ ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ ራዶን ከሚባል ጋዝ የሚመጣ ነው። ሰው ከሠራቸው ተቋማት ተነሥቶ በተራው ሕዝብ ላይ እንዲጨመር በዓለም አቀፍ ደንብ የሚፈቀደው ደግሞ በዓመት 1 ሚሊ ሲቨርት ነው።

ስለዚህ «ጨረር አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሁልጊዜም አለ። ቁም ነገሩ ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ሆነ፣ የጨመረውስ ከየት መጣ የሚለው ነው። ትናንትን ያልለካ ደግሞ ዛሬን ሊፈርድ አይችልም።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ጋይገር ያለው ቆጣሪ ነው፤ ጨረር ሲጨምር ይጮኻል። ሌላው ጋማ ስፔክትሮሜትር የሚባለው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው፤ የጨረሩን ምንጭ በስሙ ይለያል። የመጀመሪያው እንደ ግቢ ውሻ ነው፤ ሰው መምጣቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደመጣ አይናገርም። ሁለተኛው ፋኖስ ይዞ ወጥቶ ፊቱን አይቶ የሚመለሰው ነው። በአንድ ማመንጫ ዙሪያ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ አየሩን በየሰዓቱ የሚከታተሉ ጣቢያዎች፣ አፈሩን፣ ውኃውን፣ ሣሩን፣ ወተቱንና እህሉን በየጊዜው የሚመረምር ላቦራቶሪ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1980 ድረስ ኃያላኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኒውክሌር ቦምቦችን በአየር ላይ ሞክረዋል። ፈረንሳይ በ1960 የመጀመሪያዋን ቦምብ ያፈነዳችው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ አልጄሪያ በረሃ ረጋን ላይ ነው። ከእነዚያ ሙከራዎች የወጣው ሲዚየም 137 የሚባል ንጥረ ነገር በነፋስና በዝናብ ምድርን ሁሉ አዳርሷል። ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ስለሚፈጅ ዛሬም በየአገሩ አፈር ውስጥ በመሣሪያ ይገኛል። የአፈር ተመራማሪዎች ስንት አፈር በጎርፍ እንደታጠበ ለማወቅ ይጠቀሙበታል።

ነገ ማመንጫው ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ባለሙያ የራያን አፈር ለክቶ ሲዚየም ቢያገኝ ምን ይባላል? የማመንጫው ባለቤት «የድሮ ቦምብ ርዝራዥ ነው» ይላል። ተቃዋሚው «ሁሉም ከማመንጫው የወጣ ነው» ይላል። የትናንቱ ቁጥር ከሌለ ሁለቱም እንዳሻቸው መዋሸት ይችላሉ፤ ገበሬው ግን እውነቱን የሚይዝበት ነገር የለውም። መነሻ ልኬት የሚባለው ይኸው የትናንት ቁጥር ነው። በአሜሪካ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መመሪያ ማመንጫው ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ይህ ልኬት እንዲጀመር ይጠይቃል። ከተጀመረ በኋላ ልለካ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

*ራያ ለምን?*

የቆቦን ሜዳ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ባሻገር አፋር ነው። ጎቡ፣ ሆርማት፣ ጎሊናና አላውሃ ከደጋው ወርደው ሜዳውን ያጠጣሉ። ራያ የሚኖረው በራሱ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ደጋ ላይ በዘነበው ነው። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሳል፤ ጎርፉ ውኃ ብቻ ሳይሆን ከላይ የታጠበ ለም አፈርም ይዞለት ይመጣል።

ሲዚየም የሚጓዘው ደግሞ እንዲሁ ነው። ከሸክላማ አፈር ጋር ይጣበቃል፤ አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ የጃፓን ተመራማሪዎች ከተራራ ወደ ሜዳ በወንዝ ደለል ሲወርድ ተከታትለውታል። በደጋው ላይ በስሱ የተበተነ ነገር ደለል በሚከማችበት ሜዳ ላይ ሊጠራቀም ይችላል ማለት ነው። ለራያ በረከት የሆነው ጎርፍ በክፉ ቀን ዕዳ አምጪ ይሆናል። አደጋው እዚህ ባይደርስም፣ ደጋውን ብቻ ለክቶ «ቆላው ደኅና ነው» ማለት አይቻልም።

ውኃውም አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን አስቆፍሮ ሜዳውን በመስኖ ያለማል። የከርሰ ምድር ውኃ ከሚያልፍበት ድንጋይ የተፈጥሮ ዩራኒየምና ራዲየም ሊቀላቅል ይችላል። የወሎ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ባዛልት ከግራናይት ይልቅ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ያንሱታል። ስለዚህ የሚገኘው ቁጥር ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥርም ግን ቁጥር ነው፤ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የመጀመሪያ ማጣሪያ ግልጽ ነው፦ በሊትር 0.5 ቤኬሬል አልፋ፣ 1 ቤኬሬል ቤታ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ ከዚህ ጋር ማነጻጸር የጠፈር ምርምር አይደለም።

ሦስተኛው ወተት ነው። በኒውክሌር አደጋ ጊዜ ፈጥኖ ሕፃናትን የሚጎዳው አዮዲን 131 ነው። ከአየር ሣር ላይ ያርፋል፤ ላም፣ ፍየል ወይም ግመል ይግጡታል፤ በወተት ወደ ሕፃኑ ይገባል፤ አንገት ሥር ባለው የታይሮይድ ዕጢ ላይ ይሰፍራል። አዮዲን የተራበ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ይስባል፤ የተመረዘውንም ሳይለይ። ኢትዮጵያ ደግሞ እንቅርት የኖረባት አገር ናት፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ሕግ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግማሹ በ8 ቀን የሚጠፋ መርዝ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተቱን ማቆም ብቻ ብዙ ሕፃናትን ያድናል። ወተቱን ለማቆም ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ለማወቅ መለኪያ ያስፈልጋል።

*«ይነግሩናል» የሚለው ተስፋ*

«አደጋ ቢኖር ባለቤቶቹ ይነግሩናል» የሚል የዋህ አለ። ታሪክ ሌላ ይላል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 ቼርኖቤል ሲፈነዳ ሞስኮ ለጎረቤቶቿ አልተናገረችም። ፖላንድ የሶቪየት ወዳጅ ነበረች፤ እሷም አልተነገራትም። ከፍንዳታው ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት፣ ሚኮዋይኪ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ያለው የፖላንድ የራሷ መለኪያ ጣቢያ በአየሩ ውስጥ ያልተለመደ ጨረር አየ። በዚያው ቀን በስዊድን ፎርስማርክ ማመንጫ የአንድ ሠራተኛ ጫማ የመግቢያ መቆጣጠሪያውን አስጮኸ። ዓለም ቼርኖቤልን ያወቀው 1,100 ኪሎ ሜትር ርቆ በቆመ መሣሪያ ነው። ፖላንድ ሞስኮን አልጠበቀችም። በማግሥቱ ለሕፃናት አዮዲን ማደል ጀመረች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን ተኩል ያህል ልጆች ወሰዱ። በሶቪየት ወገን ግን በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ ልጆች የተበከለ ወተት መጠጣታቸውን ቀጠሉ። በኋላ በልጅነታቸው ከተጋለጡት መካከል ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ተመዘገቡ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሀብት አልነበረም። አንደኛዋ የራሷ መለኪያ ነበራት፤ ያየችውንም አልደበቀችም።

ቅርቡ ደግሞ ከሮስአቶም ጋር በቀጥታ ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያሉ ጣቢያዎች ሩቴኒየም 106 የሚባል ንጥረ ነገር በአየር ውስጥ አገኙ። መጠኑ ለአውሮፓ ሕዝብ ጤና የሚያሠጋ አልነበረም፤ ከየት እንደመጣ ግን የተናገረ አልነበረም። የነፋሱን አቅጣጫ ወደ ኋላ ሲከተሉት ወደ ደቡብ ኡራል፣ የሮስአቶም ንብረት የሆነው ማያክ የሚባለው ተቋም ወዳለበት አካባቢ ወሰዳቸው። የሩሲያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ራሱ በዚያ አካባቢ ከፍተኛ ልኬት መመዝገቡን ገለጸ። ሮስአቶም ግን በተቋሞቼ አደጋ አልደረሰም አለ። በ2019 የታተመ የብዙ አገር ሳይንቲስቶች ጥናት ምንጩ ማያክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደመደመ።

ይህ ሮስአቶምን ከሌሎች ለይቶ ለመክሰስ የተነገረ አይደለም። ጃፓን ዴሞክራሲያዊት፣ የሠለጠነች፣ ገንዘብ የማይቸግራት አገር ናት። በ2011 ፉኩሺማ ላይ አደጋው ሲደርስ መንግሥት የጨረሩን አቅጣጫ የሚተነብይ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበረው፤ ትንበያውን ግን በጊዜው ለሕዝብ አላወጣም። የናሚዬ ከተማ ነዋሪዎች ከማመንጫው ለመራቅ ጹሺማ ወደሚባል መንደር ሸሹ። የጨረሩ ደመና የሄደው ወደዚያው ነበር። ለቀናት እዚያው ቆዩ፤ ልጆቻቸውም ውጭ ተጫወቱ። ቁጥሩ ነበረ፤ የነበረው ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዜጎች ሴፍካስት የሚባል እንቅስቃሴ መሥርተው መለኪያ በመኪና እያዞሩ የራሳቸውን ካርታ ሠሩ።

ትምህርቱ አንድ ነው። ማመንጫውን የሚያንቀሳቅሰው አካል፣ ሩሲያዊም ይሁን ጃፓናዊ ወይም ኢትዮጵያዊ፣ በራሱ ጉዳይ ብቸኛ ምስክር ሊሆን አይገባም። ቆቦ ገበያ ላይ እህል ሻጭ በራሱ ቤት ሚዛን ብቻ ልመዝን ቢል ማን ይስማማል?

*መለኪያ ገበያንም ያድናል*

መለካት ለጤና ብቻ የሚመስለው ሰው ቀጥሎ ያለውን ያስብ። ማመንጫው ሥራ ከጀመረ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው በቲክቶክ ቀርቦ «የራያ ሽንኩርት ጨረር አለበት» አለ እንበል። በማግሥቱ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ላይ ምን ይሆናል? ገዢው ይሸሻል፤ ደላላው ዋጋውን ይሰብራል፤ ገበሬው ጭነቱን እንደያዘ ይበሰብስበታል። ወሬውን የሚያፈርሰው የባለሥልጣን መግለጫ አይደለም፤ መግለጫ የሚያምን ሰው በዚህች አገር ቀንሷል። የሚያፈርሰው ማንም ሊያየው የሚችል፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ የተመዘገበ ቁጥር ነው።

እንግሊዝ በ1957 ዊንድስኬል ላይ የሪአክተር እሳት ሲነሣ ወተቱን ለካች፤ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን አካባቢ የተመረተውን ወተት አስደፋች። ከገበሬው ገዝታ ነው ያስደፋችው። ከቼርኖቤል በኋላ ደግሞ የዌልስ፣ የስኮትላንድና የሰሜን እንግሊዝ በጎች እየተለኩ ነበር የሚሸጡት። ቁጥጥሩ በ1986 ተጀምሮ የመጨረሻው የተነሣው በ2012 ነው። 26 ዓመት። እረኛው ተማርሯል፤ ነገር ግን መሣሪያው ያለፈው በግ ያለ ጥርጥር ተሽጧል። መለኪያ ባይኖር ኖሮ የታመመውም ጤነኛውም በግ አንድ ላይ ይጠላ ነበር።

*የሚነሡ መከራከሪያዎች*

«ማመንጫው ራያ አይተከልም፤ ምን አገባቸው?» የሚል ይኖራል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንን አልፎ ሕንድ ድረስ ደርሶ የአውሮፕላን በረራ አስተጓጉሏል። ያን ቀን ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ነበር። ሌላ ቀን ሌላ ነፋስ አለ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የራያን ማሽላ ያወደመው የበረሃ አንበጣም የበቀለው ራያ አይደለም። ያኔ ገበሬው ጅራፍ አጩኾ፣ ቆርቆሮ ደብድቦ ለማባረር ሞክሯል፤ አንበጣ ይታያልና። ጨረር ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ድምፅ የለውም። የሚደበደብለት ቆርቆሮ መለኪያው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ማመንጫ ባትተክል እንኳ ሮስአቶም ግብፅ ውስጥ ኤል ዳባ ላይ አራት ሪአክተሮች እየገነባ ነው፤ አረብ ኤምሬትስ ባራካ ላይ አራት ሪአክተሮች ሥራ ላይ ናቸው።

«ሕዝቡ ውኃ፣ መድኃኒትና ሰላም አጥቶ ስለ ጨረር መለኪያ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ከበድ ያለ ነው፤ ራያ ያየችውን ያየ ሰው ሊያቃልለው አይችልም። ነገር ግን ቅንጦቱን ማን አመጣው? ግብፅ ለኤል ዳባ ከሩሲያ የተበደረችው 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። አገር እንዲህ ያለ ዕዳ ለመሸከም አቅም አለኝ ካለች ለመለኪያው አቅም የለኝም ማለት አትችልም። ምጣዱን ገዝቶ ማሰሻ አጣሁ የሚል የለም።

«ይህ ሕዝብን ማስፈራራት ነው» የሚልም ይኖራል። ተቃራኒው ነው። በሰላም የሚሠራ ማመንጫ በዙሪያው ላለ ሕዝብ የሚጨምረው ጨረር ከተፈጥሮው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ይህ እውነት ነው። እውነቱን ደፍሮ ለመናገር ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃውም ልኬት ነው። ልኬትን የሚፈራ የማመንጫው ደጋፊ የራሱን ምስክር እያሳደደ ነው።

«ሕግም መሥሪያ ቤትም አለ» የሚሉም አሉ። አለ። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1957 ሲቋቋም ጀምሮ አባል ናት። የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ። ከዚያ በፊትም የ1986 እና የ2000 ዓ.ም. አዋጆች ነበሩ። ጨረርም ቢሆን ለአገሩ አዲስ አይደለም፤ ቃሊቲ የሚገኘው የቆላ ዝንብ ማምከኛ ማዕከል ለዓመታት በጨረር ሲሠራ ኖሯል፤ ሆስፒታሎችም ካንሰር ያክሙበታል። የኒውክሌር ሙከራን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የአየር ጨረር መለኪያ ጣቢያ እንዲኖርባቸው ከዘረዘራቸው የዓለም ቦታዎች አንዷ ሶማሌ ክልል ያለችው ፊልቱ ናት። ጉዳዩ የሕግ መኖር አይደለም። የራጅ ክፍል ለመቆጣጠር የተቋቋመ አካል በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የመንግሥት ፕሮጀክትን «ቁም» ለማለት ሥልጣንም ክንድም አለው ወይ? ነው ጥያቄው።

*ጦርነትና የጠፋ ኔትወርክ*

ቆቦን የሚመለከት፣ የፖላንድ መጽሐፍ የማያስተምረው ነገር ደግሞ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ቆቦ በተደጋጋሚ እጅ የቀያየረች ከተማ ናት። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም የተቀሰቀሰው በዚሁ አካባቢ ነው። በሰሜን ወሎና በደሴ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሥቶ ሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቷል።

ብራዚል ጎያኒያ ከተማ በ1987 አንድ የተተወ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያን ቆራሊያው ሰዎች ወስደው ፈቱት። ውስጡ ሲዚየም ነበር። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበከሉ። ጎያኒያ ጦርነት አልነበረም፤ አንድ በር ብቻ ነው ሳይዘጋ የቀረው። ተራ የራጅ መሣሪያ ኤሌክትሪኩ ሲነቀል ጨረሩ ያቆማል፤ የካንሰር ማከሚያና አንዳንድ የፋብሪካ መለኪያዎች ግን በውስጣቸው ያለው ምንጭ ማንም ባይነካውም ይጨርራል። ተቋም በሚዘረፍበት አገር እነዚህ ምንጮች የት እንዳሉ በየጊዜው መቁጠርም የልኬቱ አካል ነው።

ኔትወርኩስ? ጣቢያው ቁጥሩን በሞባይል ኔትወርክ ብቻ የሚልክ ከሆነ ኔትወርኩ በተዘጋ ቀን ራያ ዕውር ትሆናለች። ኔትወርክን በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ መንግሥት ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያው በፀሐይ ኃይል መሥራት፣ መረጃውን በራሱ ውስጥ ማስቀመጥና ቁጥሩን እዚያው በቦታው ማሳየት አለበት።

*ምን ይደረግ?*

አንደኛ፣ መነሻ ልኬቱ አሁን ይጀመር። ራያ ቆላን ጨምሮ በአገሪቱ የተመረጡ ሜዳዎች ላይ አፈር፣ የጉድጓድ ውኃ፣ የጎርፍ ደለል፣ ማሽላና ወተት በክረምትም በበጋም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይለኩ። ለራያ ቦታው ዝግጁ ነው፦ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሳውንና ገበሬውን ያውቃል፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። አንድ ጋማ ስፔክትሮሜትርና የሠለጠኑ ሰዎች ይሰጣቸው።

ሁለተኛ፣ ለኪው ከገንቢው ይለይ። ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚያቀርብ ሁሉ የጨረር ተቆጣጣሪውም በቀጥታ ለምክር ቤቱ ተጠሪ ይሁን። ሪፖርቱንም ለሕዝብ ከመግለጹ በፊት ከማንም ፈቃድ አይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ናሙናው በሦስት ይከፈል። አንዱ ለተቆጣጣሪው፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ታሽጎ በቀበሌው ሽማግሌዎች ፊት ይቀመጥ። ጠብ ሲነሣ ሦስተኛው ይከፈታል። ራያ በሽምግልና ያደገ ሕዝብ ነው፤ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ቁጥሩ ይውጣ። ጀርመን 1,700 ያህል ጣቢያዎች አሏት፤ ልኬታቸውን ማንም ሰው በኢንተርኔት ያያል። በራያ ደግሞ ኢንተርኔት ብቻ አይበቃም፤ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና ለዞብል ማዶ ገበያተኛ በአፋርኛ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ከሮስአቶም ጋር የሚፈረመው ቀጣዩ ውል መነሻ ልኬቱ ታትሞ ሳይወጣ ነዳጅ ወደ አገር እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ ይኑረው። የልኬት መረጃው ባለቤትም ኢትዮጵያ ትሁን።

ይህ ሁሉ ልመና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ቁጥሩን ያላየ ሕዝብ ምን ሐሳብ ይሰጣል? አዳራሽ ጠርቶ፣ ለስላሳ አጠጥቶ፣ አስጨብጭቦ መሸኘት ምክክር አይባልም።

ማመንጫው ይምጣ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ገና ብዙ ዓመት ይሄዳል፤ ይሂድ። መለኪያው ግን ያንን ክርክር መጠበቅ የለበትም። ማመንጫው ቢቀር የራያ ገበሬ የጉድጓዱን ውኃና የማሳውን አፈር ያወቀ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ምንም አልከሰረም። ማመንጫው ቢመጣ ደግሞ ያ ቁጥር በእጁ ያለ ብቸኛው ማስረጃ ይሆናል። አሁን ካልተለካ የዛሬውን ቁጥር ነገ ማንም፣ በምንም ገንዘብ፣ ሊገዛው አይችልም።